ቆመ

ሃልስዊክ ላይ፣ ሐሙስ፣ ገበያ ይቆማል፤
ስምንት መቶ ዓመት ነው ይላሉ፤ ማን ያውቃል።
በብራና ጽፎ፣ በሰም አትሞበት፣
አንድ ንጉሥ ሰጠን ሐሙስን እንደ ርስት።
ብራናው ዛሬም አለ በማዘጋጃ ቤት፣
ከእሳት ማጥፊያው አጠገብ፣ መስተዋት ተደፍቶበት።
«አንድ ሐሙስ ከታጎለ፣ መብቱም ይታጎላል»
የሚል ቃል እንዳለው
ላቲን ያልተማረ ሁሉ በልቡ ያነበዋል።

እኔ የምኖረው ከብረት ሱቁ በላይ፤
ቤቱ አርጅቶ ወለሉ አዝምሟል ወደ አደባባይ፤
የወደቀ እርሳስ፣ ያመለጠ ብርቱካን
ከመስኮቱ ሥር ነው የሚያገኝ ዕረፍቱን።
በበጋ ጎብኚዎች የእንጨት ቤቶቹን ፎቶ ያነሳሉ፣
«ሰው ይኖርበታል?» ብለው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤
የሐሙስ ካልሲዬን መስኮቱ ላይ አሰጣለሁ፣ መልስ ይሁናቸው ብዬ፤
ለመሆኑ ሙዚየም እርጥብ ካልሲ አለው፣ ጌታዬ?

አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ፣ «አዲሷ ሴትዮ» ነኝ ዛሬም፤
ቢሆንም አልከፋም፤
ካትበርት ታፕስኮት እንኳ፣ የማማውን ሰዓት የሚሞላው፣
አምስት ትውልዱ ከጥዱ ሥር የተኛው፣
«እኛስ መጤዎች ነን፣ ከወንዝ ማዶ» ይላል ሲጠየቅ፤
ወንዙን በበጋ፣ በግ ይዘለዋል ሳይጨነቅ።

ከተማዋ ስታልቅ ድንገት ነው የምታልቅ፤
ከመጨረሻው ፋኖስ አንድ እርምጃ ብንርቅ
ጭቃ እግር ይይዛል።
የቁጥቋጦ አጥር፣ ማሳ፣ የቁጥቋጦ አጥር፣ ማሳ፣
በግ፣ ዝናብ፣ ደግሞ በግ፣ ጉም ሁሉን እስኪያስረሳ።
በጸደይም የፍግ ሽታ በመስኮት ይገባል፤
ሳያንኳኳ፣ እንደ ባለቤት፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

የከብት ተራው ዛሬ መኪና ማቆሚያ ነው፤
ኮርማ ይታሰርበት የነበረ ቀለበት፣ አሁን ብስክሌት አለው።
ሰማንያ ድንኳን ነበር አሉ፤ በእኔ ጊዜ ሃያ፣
ኋላም ዘጠኝ፤ ኋላም
የዓሣ መኪናው፣ ካልሲ ሻጩ፣
ሞዲ ክራብትሪ ከእንቁላሏ ጋር፤ ይሄም ተባለ ገበያ።

በየካቲት፣ ማክሰኞ ማታ፣ በረዶ ጀመረ፤
ረቡዕ መንገዱ ተዘጋ፣ የዱቄት መኪና ቀረ፤
ሐሙስ ሲነጋ
ቅባቱ ረግቶ የማማው ሰዓት ቆመ፣
ለአሥራ ሁለት ሩብ ሲቀረው፣ እጁን ዘርግቶ እንደታመመ።

አደባባዩ ነጭ ነው፤ ያልተጻፈበት ብራና።
ካትበርት በመስኮት፣ እኔ በመስኮት፣ ጋጋሪው በመስኮት ሆነና
ማንም አልተናገረ፤ ሁሉም ግን በሆዱ ያሰላል፤
ወረርሽኝ ያልፈታው፣ ጦርነት ያልፈታው ገበያ
ጥጥ በመሰለ ነገር ዛሬ ይፈታል?

ከቀትር በኋላ ከኮረብታው በኩል ትራክተር አጓራ፤
ሞዲ ናት፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ፣
በሟች ባሏ ካፖርት ውስጥ ጠፍታ፣ አፍንጫዋ ብቻ እያበራ።
ከድንጋይ መስቀሉ ሥር ወረደች፤
በረዶውን በአካፋ፣ በጠረጴዛ ልክ ብቻ፣ ጠረገች፤
ስድስት እንቁላል ደረደረች
(ዶሮዎቹም በብርዱ ለግመዋል)፣
እጇን ብብቷ ሥር ከትታ ቆመች።

ስወርድ ካትበርት ቀድሞኛል፣ በፒጃማው ላይ ቦት ጫማ አጥልቆ።
«ስንት ነው?» ይላታል፣ ዋጋውን ከልጅነቱ አውቆ።
«እንደ ወትሮው።»
«ተወዷል።»
«እንግዲያስ ተወው።»
አራት ጊዜ ሄደ፣ አራት ጊዜ ተመለሰ፤
ክርክር ከሌለበት፣ ገበያው የት ደረሰ?
ሳንቲሙ ተቆጠረ።
ለእኔም ሸጠችልኝ አንድ፤
ምንም አልቀነሰችም፣ ለመጤ እንደ ልማድ።

በዚያ ሐሙስ በሃልስዊክ ሁለት ነገር ቆመ፤
አንዱ ከላይ ሞተ፣ አንዱ ከታች ከረመ።

ማታ እንቁላሏን ወለሉ ላይ ለቀቅኳት፤
ዝግ ብላ ተንከባለለች፣ መስኮት ሥር አገኘኋት።
ከታች፣ ከመስቀሉ ግርጌ፣
የጠረጴዛ ስፋት ያላትን ጥቁር መሬት
በረዶ ቀስ እያለ ሲሸፍናት አየኋት።